የፈነዳው ጎሚቶ፦ ለአየር መስመር የትኛውን ቧንቧ እንዘርጋ?

መነሻ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ፣ የሙያ አጋሮቼ። አቃቂ ቃሊቲ አካባቢ ባለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የጥገና ክፍል ኃላፊ ነኝ። ምክራችሁን የምሻበት ጉዳይ ስላለ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ባለ 37 ኪሎ ዋት ስክሩ ኮምፕረሰር፣ ማለትም አየር የሚያምቅ ማሽን፣ አለን። ከእሱ ተነስቶ አዳራሹን አቋርጦ 120 ሜትር የሚሄደው ዋናው የአየር መስመር ባለ 32 ሚሊ ሜትር ግራጫ ፒቪሲ፣ ማለትም የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ፣ ነው። እኔ ከመቀጠሬ በፊት የመጸዳጃ ቤቱን ውሃ ሊዘረጋ የመጣ ሰው ነው አብሮ የሠራው። መስመሩ ጫፍ ላይ ያሉት ማሽኖች አየር እያነሳቸው ሲቆሙብን፣ ባለፈው ክረምት የኮምፕረሰሩን ግፊት ከ7 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ወደ 8.5 ከፍ አደረግሁት። ማሽኖቹ ሠሩ፤ እኛም ነገሩን ረሳነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ የጠዋቱ ፈረቃ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ፣ ከጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ በላይ ያለ አንድ ጎሚቶ፣ ማለትም ቧንቧው የሚታጠፍበት መጋጠሚያ፣ ፈነዳ። ድምፁን በር ላይ ያለው ጥበቃ ሰምቶ ሮጦ መጣ። ስባሪው የአንድ ልጅ ቅንድብ ላይ አርፎ አምስት ቦታ ተሰፋ። ዓይኑ ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ቢሆንስ እያልኩ እስካሁን እንቅልፍ የለኝም።

የፋብሪካው ባለቤት ሁለት ነገር አስበዋል። አንደኛው መስመሩን በፒፒአር፣ ማለትም በሌላ ዓይነት የፕላስቲክ ቧንቧ፣ መቀየር ነው፤ ቧንቧ ሠራተኛው ጠንካራ ነው ብሏቸዋል። ሁለተኛው ተጨማሪ ኮምፕረሰር መግዛት ነው። እኔ ወደ ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም ዚንክ ወደተለበሰው የብረት ቧንቧ፣ አዘነብላለሁ። በአየር መስመር ላይ የሠራችሁ ሰዎች ምን ትላላችሁ? ኮምፕረሰሩስ በእርግጥ አንሶናል?

ይህን ከለጠፍኩ ሁለት ወር ሊሆነው ነው። መልሱ በዝቶ፣ አዲስ የሚገባ ሰው ከየት እንደሚጀምር ስለሚቸገር፣ የመድረኩ አወያይ ሁሉንም በቁጥሩ ቅደም ተከተል እንዳሰፍረው ጠየቁኝ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ የተረዳሁትን ነው የምጽፈው። የማልስማማበትም ቦታ አለ፤ እሱንም እናገራለሁ።

መልስ 1። ቀድማ የመለሰችው ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የምትሠራ የጥገና መሐንዲስ ናት። ከቧንቧው በፊት የልጁን ጤንነት ጠየቀች። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ገባች፦ የቧንቧው ምርጫ ሊቆይ ይችላል፣ ፒቪሲው ግን አንድ ቀን እንኳ ሊያድር አይገባውም። ማምረት የግድ ከሆነ ግፊቱ ማሽኖቹ ሊሠሩበት እስከሚችሉት ድረስ ይውረድ፣ ከሰው ራስ በላይ የሚያልፈው ክፍል ደግሞ በላሜራ ይሸፈን። ምክንያቱን ያስረዳችበት መንገድ ለባለቤቱም ለማስረዳት ጠቅሞኛል። ውሃ አይታመቅም፤ ስለዚህ የውሃ ቧንቧ ሲሰነጠቅ ግፊቱ ወዲያው ይሞታል፣ የሚቀረው ማንጠባጠብ ነው። አየር ግን እንደተጨመቀ ሞላ (ስፕሪንግ) ነው። ቧንቧው አንድ ቦታ ሲከፈት በመስመሩ ሁሉ የታመቀው አየር እስኪላቀቅ ድረስ ይገፋል፤ ፒቪሲ ደግሞ ሲሰበር እንደ ብርጭቆ ስለሆነ ስባሪውን ይዞት ይወረወራል።

መልስ 2። ቀጥሎ የመጣው አዲስ አበባ ውስጥ ለብዙ ጋራዦች የአየር መስመር የዘረጋ ኮንትራክተር ነው። በትሕትና ነው የጀመረው። በእሱ አስተያየት የእኛ ጥፋት የቧንቧው ዓይነት ሳይሆን ቀጭን ቧንቧና መጥፎ ማጣበቂያ ነው። ፒፒአር በሙቀት ስለሚበየድ መጋጠሚያው ከቧንቧው ጋር አንድ አካል ይሆናል፤ ቧንቧው ላይ 20 ባር ተጽፎ እያለ በ8 ባር የሚፈራበት ምክንያት አልታየውም። ለዓመታት ሠርቶ አንድም ቀን እንዳልፈነዳበት ጨመረ። እኔም በዚያች ሰዓት ግማሽ ልቤ ወደ እሱ ሄዶ ነበር።

መልስ 3። ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ በጥገና ሙያ የሚሠራ ወገናችን ለዚህ መልስ ሰጠ። አሜሪካ ውስጥ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ፣ ኦሻ የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው የአደጋ ማስጠንቀቂያ ፒቪሲ ከመሬት በላይ ለታመቀ አየር እንዳይዘረጋ አስጠንቅቋል። ከዚያም በፊት የፕላስቲክ ቧንቧ አምራቾቹ ማኅበር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1972፣ ፋብሪካ ውስጥ ተጋልጦ የሚዘረጋ የፕላስቲክ አየር ቧንቧ ወይ እንዲቀበር ወይ ስባሪ በማያሳልፍ ነገር እንዲሸፈን መክሯል። የሚሸጡት ሰዎች ናቸው ይህን ያሉት፤ ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ ይኸኛው ነው። ጸሐፊው አንድ ማስተካከያም አክሏል፦ ፕላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም። ለአየር ተብለው የተሠሩ፣ አምራቹ ይህንኑ በቧንቧው ላይ የጻፈባቸው አሉ። ጥያቄው አምራቹ በጽሑፍ ምን አለ የሚል ነው እንጂ ሻጩ ምን አለ የሚል አይደለም።

መልስ 4። የድሬዳዋው ቴክኒሻን በ20 ባሩ ቁጥር ላይ ነው ያተኮረው። ያ ቁጥር የሚሠራው ውስጡ ውሃ ሆኖ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው አለ። ፒቪሲ 43 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ከሚችለው ግፊት ግማሹን ያጣል፤ 60 ዲግሪ ላይ የሚቀረው አንድ አምስተኛው ገደማ ነው። ፒፒአርም በሙቀት መድከሙ አይቀርም። ድሬዳዋ ውስጥ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በቀትር ያለውን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ሰንጠረዥ አያስፈልገውም። በዚህ ላይ ከኮምፕረሰሩ የሚወጣው አየር አለ፦ ማቀዝቀዣው በአቧራና በብናኝ ከተደፈነ ትኩሱ አየር በቀጥታ ወደ ቧንቧው ይገባል። ፒፒአር በአንድ ሜትር ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.15 ሚሊ ሜትር ስለሚለጠጥ፣ 30 ሜትር የሆነ መስመር በሌሊትና በቀን መካከል ሙቀቱ 25 ዲግሪ ቢለዋወጥ 11 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። እሱ ባየው ፋብሪካ ቧንቧው እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ረግቦ፣ በረገበው ቦታ ሁሉ ውሃ ተኝቶ ነበር።

መልስ 5። ኮንትራክተሩ ተመለሰ፤ አሁን ድምፁ ተለውጧል። ውጭ አገር ተቀምጦ ሕግ መጥቀስ ቀላል ነው፣ እዚህ ያለ ትንሽ ጋራዥ ግን የውጭ ምንዛሪ ተሰልፎ የአሉሚኒየም ቧንቧ አያስመጣም አለ። ብስጭቱ ይገባኛል። የምንዛሪው ችግር እውነት ነው፣ የትንሹ ነጋዴ አቅምም እውነት ነው። ነገር ግን የድሬዳዋው ሰው የጠየቀውን የሙቀት ጥያቄ አልመለሰም።

መልስ 6 የቧንቧ ዋጋ ጠየቀ። መልስ 7 አንድ ሻጭ ማስታወቂያ ለጥፎ አወያዩ አነሱት።

መልስ 8። ይህ ለእኔ የውይይቱ እምብርት ነው። ዕድሜያቸውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያሳለፉ፣ አሁን ጡረታ የወጡ አባት ጻፉ። በወጣትነታቸው የተረከቡት መስመር ጥቁር ብረት፣ በብየዳ የተያያዘ ነበር። እሳቸው ስለ ብረቱ ሳይሆን ስለ አዘረጋጉ ነው የተናገሩት። ዋናው ቧንቧ አየሩ በሚሄድበት አቅጣጫ በየሜትሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ወደ ማሽን የሚወርደው ቅርንጫፍ ከዋናው ቧንቧ ሆድ አይነሳም፤ ከጀርባው ወደ ላይ ወጥቶ እንደ ከዘራ እጀታ ተቆልምሞ ነው የሚወርደው። ውሃ ከታች ስለሚሄድ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወደ ማሽኑ የሚወርደው አየሩ ብቻ ይሆናል። ቅርንጫፉም ማሽኑ ላይ አያልቅም፤ ከማሽኑ መውሰጃ በታች አንድ ክንድ ያህል ወርዶ ጫፉ ላይ የውሃ ማፍሰሻ ቫልቭ ይኖረዋል። በየጠዋቱ ማሽን ከመነሳቱ በፊት ተረኛው እየዞረ ያን ሁሉ ቫልቭ ይከፍት ነበር። ውሃው ቡናማ ከሆነ ይመዘገባል፣ ዘይት ካለበት ፎርማኑ ይጠራል።

መልስ 9 የእኔ ነበር። የእኛ ቅርንጫፎች በሙሉ ከዋናው ቧንቧ ሆድ የተነሱ መሆናቸውን፣ ድራየሩ፣ ማለትም የአየሩን እርጥበት የሚያደርቀው ማሽን፣ ከተበላሸ ሁለት ዓመት እንዳለፈውና በማለፊያ ቧንቧ እንደዘለልነው ጻፍኩ። የማሽኖቻችን ሲሊንደሮች ጓርኒሲዮናቸው (አየር እንዳያፈስ የሚይዘው ጎማ) ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ስጽፍ ነው። የሐዋሳዋ መሐንዲስ በዚያው ሥር ስሌት አስቀመጠችልኝ፦ እንደኛ ያለ ኮምፕረሰር በ20 ዲግሪና መካከለኛ እርጥበት በሰዓት ወደ 3 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ከአየሩ ይጨምቃል። ያ ማለት በአንድ ፈረቃ አንድ ጀሪካን ውሃ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የት ይሄድ እንደነበር ማሽኖቹ ያውቁታል።

መልስ 10። አንድ በያጅ ጡረተኛውን ጋሼን በአክብሮት አረማቸው። ጥቁር ብረት እርጥብ አየር ሲያልፍበት ውስጡ ይዝጋል፣ ዝገቱ ተቀርፎ ከአየሩ ጋር ይሄዳል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ጋልቫናይዝድ መፍትሔ የሚመስለኝ ስላልሠራሁበት እንደሆነ ነገረኝ። ዚንኩ ከጊዜ በኋላ እየተላጠ ቫልቭ ይደፍናል፤ ጫፉ ላይ የብሎን ጥርስ ሲወጣለት ደግሞ ልባሱ ስለሚነሳ ዝገቱ የሚጀምረው ከመጋጠሚያው ነው፣ ማለትም ከደካማው ቦታ። በብየዳ ላያይዘው ቢሉ ጭሱ መርዝ ነው። አብሮት ይሠራ የነበረ ልጅ በተዘጋ ክፍል ጋልቫናይዝድ ሲበይድ ውሎ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ወባ ታማሚ ሲንቀጠቀጥ አደረ። እኔ የጋልቫናይዝድ ሐሳቤን የጣልኩት እዚህ ላይ ነው።

መልስ 11። ጋሼ እርማቱን ተቀበሉ። በእሳቸው ጊዜም በእያንዳንዱ ማሽን መግቢያ ላይ ዝገቱን የሚይዝ ማጣሪያ እንደነበርና በየሳምንቱ እንደሚታጠብ ጻፉ። ጥቁር ብረት ድራየር ካለው ዕድሜ ይሰጣል፣ ድራየር ከሌለው ይበላል ብለው ዘጉት።

መልስ 12። ደማም፣ ሳዑዲ ዓረቢያ በምግብ ፋብሪካ የሚሠራ ወንድም ሌላ ዓለም አሳየን። እነሱ ጋ ምግቡን የሚነካው አየር በስቴንለስ፣ ሌላው በአሉሚኒየም ነው የሚሄደው። እንደ ትራንስኤርና ኤርኔት ያሉት የአሉሚኒየም መስመሮች ብየዳም ጥርስ ማውጣትም የላቸውም፤ ቧንቧው ተቆርጦ፣ ጠርዙ ተሞርዶ፣ መጋጠሚያው ውስጥ ይገባና ይጠበቃል። ማሽን ቦታ ሲቀየር መስመሩም ተፈትቶ ይከተላል። አይዝግም፣ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ጠርዙን ሳይሞርዱ የገጠሙት ሰዎች ግን የጎማ ቀለበቱን ቆርጠው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲያፈስ አይቷል። መዳብም ጥሩ እንደሆነ፣ ነገር ግን እሱ ባለበት አገር ስርቆቱ እንዳስቸገራቸው ጠቀሰ። ከዚህ ተነስቶ ሦስት ሰው ስለ ኬብል ስርቆት ጻፈ፤ እሱን ትቼዋለሁ።

መልስ 13። ባሕር ዳር የሚያስተምሩ የሜካኒካል መሐንዲስ፣ እስከዚያ ሁላችንም ያለፍነውን ሁለተኛውን ጥያቄዬን አነሱ፦ ኮምፕረሰሩ አንሶናል ወይ? የመጀመሪያው ነገር ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአካባቢው አየር ግፊት 0.77 ባር አካባቢ ነው። የኮምፕረሰሩ ሰሌዳ በሰከንድ 100 ሊትር ቢል፣ እዚህ የሚስበው 100 ሊትር ሳሳ ያለ አየር ነው፤ በክብደት ሲታይ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ከሚስበው 77 በመቶ ገደማ ብቻ። በዚያ ላይ 7 ባር ለመድረስ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ 8 እጥፍ የሚያምቀው፣ እዚህ 10 እጥፍ ያምቃል፤ ስለዚህ የበለጠ ይሞቃል። ሞተሩም አየሩ ስለሳሳ በደንብ አይቀዘቅዝም። እዚህ አገር ኮምፕረሰር የሚገዛ ሁሉ የከተማውን ከፍታ ለሻጩ ሳይናገር መግዛት የለበትም አሉ።

መልስ 14። አንድ ወጣት፣ የግፊት መለኪያው ጌጅ እዚህም እዚያም 7 ባር ካለ ልዩነት የለም ሲል ተከራከረ። መልስ 15 ላይ መምህሩ በትዕግሥት አስረዱት። ጌጁ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው፤ የአየሩን ብዛት አይናገርም። ከዚያ እስክሪብቶ እንዳነሱ ሆኖ ነው የተሰማኝ፣ የእኔን መስመር አሰሉት። 120 ሜትር ርዝመት፣ 27 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት፣ ይህ ሁሉ አየር፦ ከኮምፕረሰሩ እስከ ጫፉ 1.5 ባር የሚጠጋ በመንገድ ላይ ይጠፋል። ያው መስመር ባለ 2 ኢንች ብረት ቢሆን የሚጠፋው 0.05 ባር ገደማ ነው። ብክነቱ ከቧንቧው ስፋት ጋር በአምስተኛ ደረጃ ነው የሚቀንሰው፤ ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ብክነቱ ወደ አንድ 32ኛው ይወርዳል።

ይህን ያነበብኩት ማታ ቤት ነው። ደጋግሜ አነበብኩት። ክረምት ላይ ማሽኖቹን የጠማቸው አየር ኮምፕረሰሩ ጋ ነበር፤ ቀጭኑ ቧንቧ አላሳልፍ አለው። እኔ ደግሞ ያንን ለማሸነፍ ግፊቱን 8.5 አደረስኩት፤ ያ ተጨማሪ ግፊት ነው ባረጀው ጎሚቶ ላይ ሲያርፍ የቆየው። ኤሌክትሪኩም አብሮ ሄዷል፦ በእያንዳንዱ ተጨማሪ ባር ኮምፕረሰሩ 7 በመቶ ገደማ የበለጠ ኃይል ይበላል።

መልስ 16 ኮንትራክተሩን በጭካኔ ተናገረው። የሰው ደም በእጁ እንዳለ አድርጎ ነው የጻፈው። መልስ 17 ላይ አወያዩ ገቡና ውይይቱን ለአንድ ቀን ዘጉት። ልክ አደረጉ። የእኛን መስመር የዘረጋው እሱ አይደለም፤ ሐሳቡን በግልጽ ያቀረበ ሰው ከተሰደበ ነገ ማንም ሥራውን አምጥቶ አያሳየንም።

መልስ 18። ሲከፈት የሐዋሳዋ መሐንዲስ ናት የጀመረችው። ኮምፕረሰር ከመግዛት በፊት የሚፈሰውን መለካት። በደንብ ባልተያዘ ፋብሪካ ከሚመረተው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶው በየቀዳዳው ማፍሰሱ የተለመደ ነው። የ3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በ7 ባር በሰከንድ 11 ሊትር ያህል ይለቃል፤ እሱን ለመተካት ኮምፕረሰሩ ወደ 4 ኪሎ ዋት ይከፍላል፣ ሌሊትም ቢሆን። መለኪያው ቀላል ነው፦ እሑድ ማሽኖቹ ሁሉ ቆመው ኮምፕረሰሩ ብቻ ይነሳ፤ ስንት ደቂቃ ጭኖ እንደሚሠራና ስንት ደቂቃ ባዶውን እንደሚዞር በሰዓት ይያዝ። የጫነበት ጊዜ ለጠቅላላው ጊዜ ሲካፈል ከኮምፕረሰሩ አቅም የሚፈሰውን ድርሻ ይሰጣል።

መልስ 19 ውጤቴ ነው። ሁለት ደቂቃ ይጭናል፣ አራት ደቂቃ ያርፋል። ሲሶ! ኮምፕረሰሩ ማምረት ከሚችለው አየር ሲሶው ለማንም ሳይጠቅም ይወጣ ነበር። ሁለት ልጆች ይዤ በሳሙና ውሃና በብሩሽ ቀኑን ሙሉ ዞርን። አብዛኛው ከዋናው ቧንቧ ላይ አልነበረም፤ ከላላ ፋሼታ (የጎማ ማሰሪያ)፣ ካለቀ ፈጣን መጋጠሚያ፣ ከተሰነጠቀ የማጣሪያ ጎድጓዳ ክዳን ነበር። ሥራው በቆመበት ቀን ፀጥታው ውስጥ ጆሮ ብቻውን ብዙ ያገኛል። ስድስት ቦታ በጆሮ ነው ያገኘነው።

መልስ 20። እዚህ ላይ ወሬው አቅጣጫ ለወጠ፣ ግን እንኳንም ለወጠ። የስፌት መስመር ተቆጣጣሪ የሆነች እህት፣ ልጆቹ ፈረቃ ሲወጡ ልብሳቸው ላይ ያለውን ብናኝ በአየር ጎማ እርስ በርስ እንደሚያራግፉ ጻፈችና ጉዳት አለው ወይ ብላ ጠየቀች። መልስ 21 ላይ የኦሃዮው ወንድም እዚያ አገር ለማጽዳት የሚውል አየር ከ30 ፒኤስአይ፣ ማለትም ከ2 ባር ገደማ በታች መሆን እንዳለበትና ከሚበረው ቆሻሻ መከላከያ እንደሚያስፈልግ ነገራት፤ ልብስን በሰው ገላ ላይ እያለ መንፋት ደግሞ ጨርሶ መቅረት አለበት። መልስ 22 ላይ የሐዋሳዋ መሐንዲስ ለምን እንደሆነ አብራራች፦ አየሩ በቁስል ገብቶ ደም ሥር ውስጥ ከደረሰ ሊገድል ይችላል፣ የጆሮ ታምቡር ይበሳል፣ ብናኝ ዓይን ውስጥ ይተክላል። የእኛም ልጆች ያደርጉታል። በማግስቱ በየመውጫው ብሩሽ አሰቀልኩ፤ የማጽጃ ጎማዎቹ ላይ ደግሞ የግፊት መቀነሻ አስገባን። ልጆቹ መጀመሪያ አልወደዱትም። አንዷ ግን እናቷ ሳንባቸውን የታመሙት ጥጥ ፋብሪካ ሲሠሩ እንደሆነ ነግራኝ ብሩሹን ቀድማ ያነሳችው እሷ ናት።

መልስ 23። የአዳማ ጎሚስታ ከመጋጠሚያው ያመለጠ የአየር ጎማ እንደ እባብ እየተገረፈ ጥርሱን እንዳወለቀው ተናገረ። ለእሱ የተሰጠው ምክር አጭር ነው፦ ወፍራም ጎማ በየመጋጠሚያው የብረት ገመድ ማሰሪያ ይኑረው፣ አየሩ ከምንጩ ሳይዘጋና ሳይተነፍስ ጎማ አይነቀል።

መልስ 24። ጋሼ ጎሚስታውን ካዩ በኋላ ስለ ታንኩ ሳይናገሩ ማለፍ አልቻሉም። በየመንገዱ ዳር ያለው የአየር ታንክ ሆዱ ከውስጥ በውሃ ይበላል፤ ከውጭ ቀለሙ ያማረ ነው። በየቀኑ ውሃው ይፍሰስ፣ የደኅንነት ቫልቩ ተበይዶ ወይም በብሎን ታፍኖ አይገኝ፣ ታንኩ የሚፈተሸው በውሃ ግፊት ነው እንጂ በአየር አይደለም። አዲስ የተበየደ መስመርም እንዲሁ፦ በውሃ ሞልቶ መፈተሽ፣ ከዚያ አፍስሶ ማድረቅ። በአየር የሚፈተሽ መስመር ብየዳው ቢከዳ የመጀመሪያው መልስ ላይ የተነገረው ሞላ ይላቀቃል።

መልስ 25። ኮንትራክተሩ ከሳምንታት ዝምታ በኋላ ተመለሰ። ቀድሞ ወደሠራቸው ሦስት ጋራዦች ሄዶ አይቷል። በአንዱ ከኮምፕረሰሩ አፍ የሚነሳው ፒፒአር ረግቦ፣ አንድ ቦታ ላይ እንደ ሆድ ተነፍቶ አገኘው። ያንን በራሱ ወጪ በብረት ቀይሮታል። ሆኖም ለትንሽ ጎሚስታ፣ ከኮምፕረሰሩ ራቅ ባለ ቦታ አሁንም ይሠራል ባይ ነው። የኦሃዮውና የድሬዳዋው ሰዎች አልተቀበሉትም፤ እኔም አልቀበለውም። ያን ቧንቧ ሄዶ ማየቱን ግን አከብርለታለሁ።

መልስ 26። ያደረግነውን ጻፍኩ። አሉሚኒየሙን ጠየቅን፣ አቅማችን አልፈቀደም። ባለ 2 ኢንች ጥቁር ብረት ቧንቧ በብየዳ አያይዘን አዳራሹን እንደ ቀለበት አዞርነው፤ አየሩ ወደ እያንዳንዱ ማሽን ከሁለት አቅጣጫ ስለሚደርስ አንዱ ጎን ለጥገና ሲዘጋ ሌላው ይሠራል። ቅርንጫፎቹ ሁሉ ከጀርባ ተነስተው እንደ ከዘራ ተቆልምመው ይወርዳሉ። ድራየሩ ተጠግኗል። በውሃ ፈትሸን፣ አንድ መጋጠሚያ ከድቶን እንደገና በይደን ነው የከፈትነው። አሁን ኮምፕረሰሩ 6.5 ባር ላይ ነው፣ ጫፍ ላይ ያለው ማሽን 6.2 ያገኛል። ሁለተኛ ኮምፕረሰር አልተገዛም። ልጁ ወደ ሥራው ተመልሷል፤ ቅንድቡ ላይ ጠባሳው ይታያል።

መልስ 27። የመጨረሻው መላሽ የነቀልነውን ፒቪሲ ለጋራዡ አየር መስመር ሊገዛኝ ጠየቀ። አብዛኛው ደህና እንደሆነ ከፎቶው አይቷል፣ ዋጋውም ጥሩ ነበር። እንደማልሸጥለት ጻፍኩለት፤ የሚያስፈልገውን የብረት ቧንቧ ልክ ላሰላለት ግን ዝግጁ ነኝ፣ የመስመሩን ርዝመትና የኮምፕረሰሩን መጠን ይላክልኝ። ፒቪሲውን በማግስቱ በአንድ አንድ ሜትር ቆራርጠን አስወጣነው።